ከቁጥሩ ሥር ያለችው መስመር

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ቅረብ፤ የሌለህም ከጎረቤት ተውሰህ ቅረብ። በሦስተኛው ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ቀጥሎ፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን በቆመች ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ሌሎች በሣሉት የሕንፃ ሥዕል ላይ ቁጥር ሲያኖር የኖረው ጋሽ ሚሊ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሙ በሣጥን ውስጥ እንዲጻፍ ተፈቅዶለታል። የሣጥኑ ወርድ ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። ከእንግዲህ ጋሽ ሚሊ ሲያልፍ ያየ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣ፤ መነሣት የከበደው እግሩን ይሰብስብ።

አዋጁ እዚህ ላይ አበቃ። የቀረው የአንድ ደረጃ ወሬ ነው።

ጋሽ ሚሊ የተባለው ለአንዲት ሚሊ ሜትር ከሰው ጋር ስለሚጣላ ነው። የሚሠራው የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነበር። ኢንጂነሮቹ በኮምፒውተር ግድግዳውን፣ በሩን፣ ዓምዱን ስለው ሲያበቁ ፋይሉን ወደ እሱ ይወረውሩታል፤ እሱ ደግሞ ልክ ያስቀምጥበታል። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ስንት ነው፣ ከበሩ እስከ ጥጉ ስንት ነው፣ እያለ። ሁለቱን ጫፎች በመዳፊቱ ሲነካ ማሽኑ ርቀቱን ራሱ አንብቦ ቁጥሩን ከመስመሩ በላይ ያስቀምጣል። መስመሩን ብትስበው ቁጥሩም እንደ ጥላ ይከተለዋል።

«ታዲያ ማሽኑ ከለካው አንተ ለምን ደመወዝ ይከፈልሃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የዚያን ዕለት ምሳው ቀዝቅዞበት ነው የሚበላው። የትኛው እንደሚለካና የትኛው እንደሚተው፣ ቁጥር በቁጥር ላይ እንደ ገበያ ሰው እንዳይጋፋ፣ ትንንሾቹ ተደምረው ትልቁን እንዲሰጡ፣ ሲሚንቶ በእጁ የደረቀበት ግንበኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሒሳብ እንዳይሠራ፤ ይህን ሁሉ ያስረዳዋል። ሲጨርስም ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፦ ልክ ያልተቀመጠለት ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዟት፤ በኋላ ራሱ ላይ ትወድቃለች።

ከእያንዳንዱ ሥዕል በስተቀኝ ከታች ሦስት ሣጥኖች አሉ። «የሣለው»፣ «ያመሳከረው»፣ «ያጸደቀው» ይላሉ። ልክ ያስቀመጠው የሚል የለም። «የሣለው» የሚለው ላይ የዋናው ኢንጂነር የእህት ልጅ ስም ይገባል፤ ይህ ጎልማሳ በር ሲስል በሩ ወደ ግድግዳው ውስጥ የሚከፈት፣ ነገር ግን እናቱን በደንብ የመረጠ ሰው ነው። የቀሩት ሁለቱ የዋናው ናቸው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአራት ሺህ የሚበልጥ ሥዕል በጋሽ ሚሊ እጅ አልፏል፤ አንዱም አያውቀውም።

ይህን ችሎ በኖረ ነበር፤ ሰው የማይችለው የለም። ያላስቻሉት አማቱ ናቸው። አማቱ ከእነሱ ጋር አንድ ቤት ይኖራሉ፤ ምላሳቸው ግን ለብቻው ሰፋ ያለ ቤት ያስፈልገው ነበር። በመንገድ አብረው ሲሄዱ አንድ ፎቅ ባዩ ቁጥር ቆም ይላሉ። ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው? ይሉታል። ልኩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ይላል። ስምህ አለበት? ይሉታል። የለበትም ይላል። እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ያኛው አማቼ እኮ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስሙን በቀይ ቀለም አስጽፏል፣ ይላሉ። በዓመት ስንት ፎቅ እንደሚያልፉ አንባቢ ይገምት።

ስለዚህ ጋሽ ሚሊ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙ በዚያ ሣጥን ውስጥ ገብቶ አማቱ መነጽራቸውን አድርገው እንዲያነቡት። አንዳንዱ ሰው መንግሥተ ሰማያትን ይመኛል፤ እሱ ስድስት ሴንቲ በስምንት ሚሊ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዋናው ኢንጂነር ራሱ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ይህ ብቻውን ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር፤ ዋናው በዚያ በኩል የሚያልፈው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ብቻ ነው። በእጁ የያዘው የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሐኪም ቤት ፕላን ነበር። ባለቤቶቹ በየፎቁ አንድ ትርፍ ክፍል ጨምርልን ብለው፣ ዋናው ጨምሮላቸው፣ ክፍሉ ደግሞ ከየትም ሳይሆን ከደረጃው ላይ ተቆርሶ ነበር። ደረጃው በሁለት ዓምዶች መካከል ተጣብቆ ዘጠና ስምንት ሴንቲ ቀርቷል። የፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደግሞ በሽተኛ የሚወጣበት ደረጃ ከአንድ ሜትር ከሃያ ካነሰ አያሳልፍም።

«ጋሽ ሚሊ፣ ይቺን ደረጃ አንድ ሃያ አድርግልኝ» አለው።

ጋሽ ሚሊ ዓምዶቹ ካልተነሡ መስመሩ ወደየትም እንደማይሄድ አስረዳ።

«ዓምድ አንሣ አልኩህ እንዴ? ቁጥሩን ነው ያልኩህ።»

ይቻላል። ማሽኑ ያነበበውን ቁጥር አጥፍተህ በላዩ ላይ የፈለግኸውን በእጅህ መጻፍ ትችላለህ። መስመሩ ባለበት ይቀራል፤ ቁጥሩ ብቻ ይዋሻል። ከዚያ በኋላ መስመሩን ብትጎትተው ቁጥሩ አይከተለውም፤ ሞቷል። ጋሽ ሚሊ ይህን በሙያው ውስጥ ካሉት ኃጢአቶች ሁሉ የመጀመሪያው አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። አፉን ከፈተ፤ ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር እኮ፣ ብሎ ጀመረ።

ዋናው እጁን ትከሻው ላይ አኖረለት። «ስማኝማ። ስንት ዓመት አገለገልክ? የሣለው የሚለው ላይ ያንተን ስም አስገባ። ያመሳከረው የሚለውም ላይ። ይገባሃል።»

የእህቱ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ መጥቶ ጨበጠው። አልከፋውም። ፈገግ ብሎ እንኳን ደስ አለህ አለው። እንግዲህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበርህን የነሣህ ቤተሰብ አንድ ቀን በነፃ ሲመልስልህ፣ ያውም ሁለቱን ሣጥን በአንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ወንበሩ እግር እንዳለው ጎንበስ ብለህ ታያለህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ጋሽ ሚሊም ሰምቷል። ግን የሚያስበው የአማቱን መነጽር ነበር። በሬው ሣሩን አየ፤ ገደሉም እዚያው አጠገቡ በሙሉ ልኩ ተጽፎ ነበር።

1.20 ብሎ ጻፈ። ስሙንም ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ።

ከጻፈም በኋላ እጁ አላርፍ አለው። ጋሽ ሚሊ ሥራውን የተማረው ሥዕል በቀለም ብዕር በሚሠራበት ዘመን፣ ጣቱ ሁልጊዜ ጥቁር ከነበረ መምህር ነው። መምህሩ የተወለት ሕግ ነበር፤ ቁጥሩ ከተሣለው መስመር ጋር ካልተስማማ ከቁጥሩ ሥር መስመር አስምርበት። አሮጌ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይቺን የወረቀት መስመር አትመናት፣ ከልክ ውጭ ናት ማለት ነው። ስለዚህ ከ1.20 ሥር አንዲት መስመር አሰመረ። ውፍረቷ ዜሮ ነጥብ አንድ ሦስት ሚሊ ሜትር። ከዚያ ቀና ብሎ ተነፈሰ። እውነቱን ተናግሯል። ለሚያውቅ ተናግሯል። ጀግና በሰይፍ፣ ጀግና በብዕር ይመሰክራል፤ የእኛው ጀግና ግን ማተሚያው ከሚችለው ሁሉ በቀጠነችው መስመር መሰከረ፣ ያውም ማንም እንዳያየው እየጸለየ።

ጸሎቱ ሰመረ። የፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሰው ቁጥር ያነባል እንጂ መስመር አይለካም። 1.20 የሚለውን አየ፤ ከሥሩ የተሰመረውንም አየና፣ ደረጃው ላይ ትኩረት መስጠታችሁ ጥሩ ነው ብሎ አመሰገነ። ማኅተሙንም ከዚያችው መስመር አጠገብ መታው።

ጋሽ ሚሊ አንዱን ቅጂ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ፣ በአውቶቡስ ቆሞ እንዳይጨማደድበት ሁለት መቀመጫ አሳልፎ ቤቱ ገባ። ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተንበረከከች። አማቱ መነጽራቸውን ፈልገው፣ አጥርተው፣ አድርገው ጎንበስ አሉ። የታለ? አሉ። በጣቱ አሳያቸው። የፊደሉ ቁመት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ነበር።

ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ ለኩት።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተህ ይሄን ታክላለህ?»

ሚስቱ፣ እማዬ ተይው እንጂ፣ አለች። በሳምንቱ ግን ራሷ ወስዳ በመስታወት አስገብታው መጣች፤ ከሶፋው በላይ ተሰቀለ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ።

አሁን ሕንፃው ይሠራ። ግንበኛው ዓምዶቹን የሚያቆመው ከዓምዶቹ ወረቀት ላይ ነው፤ እዚያ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እውነተኛ ነበሩ፣ ጋሽ ሚሊ ራሱ ያስቀመጣቸው። ዓምዶቹ ልክ ቦታቸው ላይ ቆሙ። የደረጃው ወረቀት አንድ ሃያ ቢልም በዓምዶቹ መካከል የተረፈው ዘጠና ስምንት ነበርና ግንበኛው በተረፈው ቦታ ደረጃ ሠራ። ሕንፃው በዐሥራ አራት ወር አለቀ፣ ተቀባ፣ አማረ።

የርክክቡ ቀን ኮሚቴ መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ክብራቸው ከፊታቸው በአንድ እርምጃ፣ ሆዳቸው በሁለት የሚቀድም ሰው ናቸው። ሁሉንም ፎቅ እንያ ብለው ከላይ ወጡ። እሳቸው ላይ ሳሉ ከታች አንድ ሰው፣ ለፎቶው አንድ አልጋ ይውጣ፣ የሚል ሐሳብ አመነጨ። አራት ሰዎች አልጋውን ተሸክመው ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አልጋው በግድግዳውና በመደገፊያው ብረት መካከል ገባና ተነከሰ። ወደላይ አልሄድ አለ። ወደታችም አልመለስ አለ። ሌላ ደረጃ የለም፤ ያ ቦታ ትርፍ ክፍል ሆኗል።

ሰብሳቢው ከላይ ቀሩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ውኃው ገና አልተቀጠለም፤ ስለዚህ ላይኛው ፎቅ ያሉት ዐሥራ ሁለት መጸዳጃ ቤቶች በሙሉ በጋዜጣና በሽቦ ታሽገው ነበር። አንድ ሽማግሌ አልጋው ይቆረጥ አሉ፤ የሐኪም ቤቱ ሰው ፈርሜ የተረከብኩት ነው ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ኮታቸውን አውልቀው፣ አስይዘው፣ በአልጋው ሥር በደረታቸው እየተሳቡ ወረዱ። ፎቶ አንሺው ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር።

ከላይ የቀረው በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ «ወደፊት ይታሰብበታል» ተብሎ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። የተነካው የሰብሳቢው ኮት ነውና አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዋናው ኢንጂነር ዓይኑን በጨው አጥቦ ሙያዊ ማብራሪያ ሊሰጥ ከኮሚቴው ጎን ተቀመጠ።

ሥዕሉን በግድግዳ ላይ አበሩት። ኮምፒውተሩን የያዘው የእህቱ ልጅ ነበር። በእጅ የተጻፈውን ቁጥር አጥፋው አሉት፤ አጠፋው። ማሽን ይሉኝታ የለውም። መስመሩን ራሱ አነበበና በሁሉም ፊት 0.98 ብሎ ጻፈ።

ጋሽ ሚሊ በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ተቀምጦ መዳፉን በጉልበቱ ይጠርግ ነበር።

ከኮሚቴው ውስጥ አንዲት እድሜ የጠገቡ እናት ነበሩ፤ ሰው ማዳን የሚወዱ፣ ወይም ወደ ቤታቸው ለመሄድ የቸኮሉ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይለዩም። እሳቸው መውጫ ከፈቱ። ደረጃው መጀመሪያ ሰፊ የነበረ ይሆናል፣ በኋላ ሲጠብ ቁጥሩ ሳይለወጥ ተረስቶ ይሆናል፣ ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይበቃል አሉ። ዋናው ወዲያው ራሱን ነቀነቀ፤ ስህተት ከሆነ እሱም ይድናል። ሌሎቹም ነቀነቁ፤ ሰዓቱ ለምሳ ተቃርቧል። ጋሽ ሚሊ ለመዳን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፉን መዝጋት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነበት ሙያ።

ሴትዮዋ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ «ይቺ ከቁጥሩ ሥር ያለችው መስመርስ ምንድን ናት?» አሉ።

«እሷ ምንም አይደለችም» አለ የእህቱ ልጅ። «ጌጥ ናት።»

ጌጥ። በሌላ ቃል ቢለው ይተርፍ ነበር። ጋሽ ሚሊ ሳይታዘዝ ተነሣ። ፊቱ በርቷል። እንደ መምህሩ ጣቱን አነሣ፤ የእሱ ጣት ንጹሕ ከመሆኑ በቀር።

«ጌጥ አይደለችም። ከሥሩ የተሰመረበት ቁጥር ከመስመሩ ጋር አይስማማም ማለት ነው። ይሄ ሕግ ነው። ማንኛውም ባለሙያ ማወቅ አለበት።»

ሴትዮዋ የሰበሰቡትን ወረቀት መልሰው ዘረጉ። ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ወደ እሱ መለሱ።

«እንግዲያው ያውቁ ነበር?»

ጋሽ ሚሊ አየ። አሁን ነው ገደሉን ያየው፤ መሐል ላይ ሆኖ። ዋናውን አየው፤ ዋናው ስልኩን ያይ ነበር። ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው አለ፤ ድምፁ ግን ከቁጥሩ ሥር እንዳለችው መስመር ቀጥኖ ነበር። የታዘዘበት ወረቀት አለ ወይ ተባለ። የለም። የሣለው ማን ይላል ተባለ። ያመሳከረውስ ተባለ። የእህቱ ልጅ ሣጥኖቹን አጉልቶ አቀረባቸው፤ ያ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል የነበረ ስም የግድግዳውን ግማሽ ሞላ። ጋሽ ሚሊ በሕይወቱ ስሙን በዚያ መጠን አይቶ አያውቅም። ከዳቦ ቤቱ ይበልጥ ነበር።

ዋናው «ያጸደቀው» በሚለው ላይ ስላለው ስሙ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ። «አምኜው ነበር» አለ። ሦስት ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡለት።

ያለ ምልክቱ ስህተት ነበር፤ በምልክቱ ወንጀል ሆነ። ሳያፍር የሚዋሽ ሰው በማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ እያፈረ የሚዋሽ ግን ማስረጃውን በራሱ እጅ ያስቀምጣል። ጋሽ ሚሊ ከሥራ ተባረረ፣ የሙያ ፈቃዱ ተነጠቀ። ደረጃውን ማን ያፍርስ? አፍርሶ ለመሥራት ዓምዶቹ መነሣት አለባቸው፤ ዓምዶቹ ደግሞ ሦስት ፎቅ ተሸክመዋል። በሩ ላይ «አልጋ ወደ ላይ አይወጣም» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሽተኞች በብርድ ልብስ እየተያዙ ይወጣሉ፤ እስካሁን የወደቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ድሮውንም እግሩ የተሰበረ ነበር ተብሏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቢሮው የሕትመት ክፍል ሠራተኛ የጋሽ ሚሊን ዕቃ ይዛለት ቤቱ መጣች። አንድ ስኒ፣ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ ባለ ሦስት ጎን ማስመሪያው። እንዳይሰበር ብላ ስኒውን በተበላሸ ሕትመት ጠቅልላዋለች። ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ዘረጋው። የሐኪም ቤቱ ደረጃ ነበር፤ «የተስተካከለ» የሚል ቃል ተጨምሮበት በአዲስ ቀን የወጣ። ደረጃው 1.20 ይላል። የተፈቀደው ፕላን እንደዚያ ስለሚል እንደዚያ መሆን አለበት። ከቁጥሩ ሥር መስመር የለም። የተስተካከለው እሱ ነው። «የሣለው» የሚለው ላይ የእህቱ ልጅ ስም በክብር ተመልሷል።

ጋሽ ሚሊ ማስመሪያውን አነሣና የሥዕል ልክ በሚነበብበት በአንድ ለሃምሳው ጎኑ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ዘጠና ስምንት። እንደገና አስቀመጠው። ከዚያ ከመሳቢያው እርሳስ አውጥቶ፣ የስኒ እድፍ ባረፈበት በዚያ የቆሻሻ ወረቀት ላይ፣ ከ1.20 ሥር አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አሰመረ። አሁን ማን አዘዘው? ማንስ ያየዋል? የዱር አራዊት እንኳ ካንዴ በላይ በአንድ ወጥመድ አይገቡም።

አማቱ ከኋላው ቆመው ነበር። መነጽራቸውን አድርገዋል። ወረቀቱን አዩ፣ ከሶፋው በላይ የተሰቀለውን አዩ፣ መልሰው ወረቀቱን አዩ። ሚስቱ የተሰቀለውን ልታወርደው ስትል የከለከሏት እሳቸው ናቸው፤ ስሙ አይደል? ይቆይ ብለው። ለመጣ እንግዳም ሁሉ እያሳዩ የፎቁን ታሪክ ከነአልጋው፣ ከነሰብሳቢው ይተርካሉ።

«በዚህኛው ላይ ስምህ የታለ?» አሉት።

እሱ እርሳሱን እየቀረጸ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ጋሽ ሚሊን ንቀኸዋል፤ መናቅህ ደግሞ አግባብ ነው፣ እኔም ለዚሁ ነው የጻፍኩልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ባለፈው ሳምንት፣ ትከሻህ ላይ እጅ አኑረው ያስፈረሙህን ያን ወረቀት ከመሳቢያህ አውጣው። ዋሽቶ እንደሆነ እኔ አልጠይቅህም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ከፊርማህ ሥር ግን ጎንበስ ብለህ ተመልከትና፣ የጋሽ ሚሊን ያህል የቀጠነች እንኳ አንዲት መስመር ካጣህበት፣ እባክህን በዚሁ እርሳስ አንዲት አስምርበት።